ለመመለሻ

ሂልካ መሪውን ትወዳለች፣ እኔ ደግሞ ሜትሩን፤
እሷ የመታጠፊያውን ልክ፣ እኔ የብሎን ቁጥሩን።
ሰላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድታ፣
ኋላዋን በመስታወት እያየች፣ የእግሯን ምኞት ገትታ፣
ጡረታ በወጣች በወሩ አንዲት ቀይ መኪና ገዛች፤
ወንበሯን ነቅላ፣ ውስጧን በብረት ቱቦ አጥራ፣
«ካሁን ወዲያ የምነዳው ለራሴ ነው» አለች።

ቀይዋ ግን ታርጋ የላት፣ ፍሬቻ የላት፤ እንደ ጥንት ሙሽራ
በሌላ ጀርባ ካልታዘለች አትደርስም ከስፍራ።

እናም መጋቢት ሲያልቅ፣ በረዶው ወደ ጭቃ ሲዞር፣
ተሳቢ ፍለጋ ወጣን፣ ከኩሪካ እስከ ላፑዋ ዳር።

መጀመሪያ ያየነው ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣
የመሣሪያ መደርደሪያው የኛን ጓዳ ያስንቃል።
«ዝናብ አይነካት፣ የመንገድ ጨው አይበላት» ብዬ ጎመዠሁ።
«ታውኖ፣ ቤት ነው የምትገዛው?» አለች። ሒሳቡን ሠራሁ፦
እሱ ባዶውን ዘጠኝ ኩንታል፤
ቀይዋ አሥር ተኩል፤ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ነዳጅ ሲታከል...
የኛ አሮጌ ቮልቮ ከአሥራ ስምንት በላይ አልጎትት ሲል
በደብተሩ ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው እንደ ወንፊት ቀላል፣ ባለ አንድ አክስል ነበር፤
ዋጋውም እንደ ክብደቱ። የሂልካ ዓይን ሲበራ
እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የጎማውን ጎን አነብባለሁ፦
ጥርሱ አልተነካም፤ የተሠራው ግን ካሥራ አራት ዓመት በፊት ነበር።
ጎማ የሚያረጀው ሲሮጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ቆሞም ይሰነጠቃል፣
እንደ ማንም ጡረተኛ።
ፍሬንም የለው። «ቁልቁለት ላይ» አልኋት፣
«ጎታቹ ማን፣ ተጎታቹ ማን እንደሆነ ይጠፋል።»
«አንተ እኮ» አለች፣ «ቁልቁለት በሌለበት አገር ቁልቁለት ትፈራለህ።»
ሃምሳ ኪሎ ሜትር ተኳረፍን፤
የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ተናገረ።

ኢልማዮኪ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሦስተኛው ጎተራ ሥር ቆሟል፤
ሁለት አክስል፣ ደህና ፍሬን፤ ብረቱ ዚንክ ተነክሯል፤
ወለሉ ዘይት የጠጣ ሳንቃ። ውበት የሚባል አልፈጠረበትም፤
መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ነውና፣ ጎኑ ላይ በልጅ እጅ
«ልዕልት» ተብሎ ተጽፏል።

ባለቤቱ ኦይቫ፣ ቃል ቆጣቢ ሽማግሌ፣
ዋጋ ሳይጠራ ጠየቃት፦
«የምትፈልጊው ለመሄጃ ነው ለመመለሻ?»
ሂልካ ግራ ገባት።
«ለመሄጃ ማንኛውም ይሆናል፤ መኪናዋ በገዛ ጉልበቷ ትወጣለች።
ለመመለሻ ግን... አንድ ጎማ ጎድሏት፣ አፍንጫዋ ተጠምዝዞ፣
በጨለማ፣ በዝናብ፣ በእጅ መዘውር፣ በካቦ እየተሳበች ነው የምትመጣ።»

ሳንቃው ላይ ረጅም ጭረት አለ፤
ጎማ የሌለው ቸርኬ እንደ ማረሻ ያረሰው።
«የማን ነው?» አለች ሂልካ።
«የልጄ።»
«ደህና ናት?»
«ቱርኩ ነው ያለችው፤ የሰው ጥርስ ትነቅላለች።
ያን ለት ግን እስከ ቤት ድረስ ቃል አልተነፈሰችም፤
እኔም አልጠየቅኋት። ይኼም አልተወላገደብንም።»

ሂልካ ጓንቷን አውልቃ ጣቷን በጭረቱ ሰደደች፤
እስከ ዳር ሄደች፣ ተመለሰች።
እኔ ሜትሬን ዘረጋሁ። መወጣጫው አጭር ነው፤
የቀይዋን አገጭ ይፍቃል፤
ሁለት ጣውላ ይበቃል።
«ሸክሙ ወደ ፊት ጥቂት ይክበድ» አለ ኦይቫ፣
«ኋላው ካየለ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።»
ብሩን ቆጠረች። አልተከራከረችም፤
እሷ፣ በቲማቲም እንኳ የምትከራከር።

ስንመለስ ባዶ ነው፤ ባዶ ዕቃ ደግሞ ይጮኻል፤
በየጉድጓዱ ይዘላል፣
ሰንሰለቱ ይንጫጫል፣ መወጣጫው ያጨበጭባል።
ሂልካ ወደ መስታወቱ ቀና ብላ፣
ቅንድቧን ሰብስባ፣
ሰላሳ ዓመት እንዳደረገችው፦
«እዚያ ኋላ! ተቀመጡ!» አለች።